የለመደችው አላቢ ሲቀየር ወተቷን የምትይዝ ላም፦ ሽግግሩን እንዴት እናድርገው?

ግንፍሌ_ግቢ

ጤና ይስጥልን። ግንፍሌ አካባቢ፣ ግቢያችን ውስጥ ሦስት የተዳቀሉ የሚታለቡ ላሞች አሉን። ጥያቄው ስለ አንዷ፣ ስለ ቦራ ነው። የፈረንጅ ደሟ ከፍ ያለ ነው፤ ሁለተኛ ጥጃዋን ከወለደች ሦስት ወር ሆኗታል። የቆየው አላቢያችን ሲያልባት ጠዋትና ማታ ተደምሮ 14 ሊትር ትሰጣለች። አዲስ የቀጠርነው ልጅ ሲያልባት ግን 8 ወይም 9 ላይ ትቆማለች። መጀመሪያ ጥቂት ትለቅለትና ቀጥ ታደርጋለች፤ ቀኝ የኋላ እግሯን እያነሳች ትራገጣለች፤ ታልባ ካበቃች በኋላም ግቷ እንደሞላ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ልጁን አላስቸገሩትም።

የቆየው አላቢ በወሩ መጨረሻ ወደ አገሩ ይመለሳል። እሱ ሲሄድ ላሟ እንዳትደርቅብን ሽግግሩን በምን ቅደም ተከተል ብናደርገው ይሻላል? ወተት የሚያወርድ መርፌ አስወጓት የሚሉን አሉ፤ ጥጃዋን አቅርቡላት የሚሉም አሉ። ግቢው ጠባብ ነው፣ የጋጣው ወለል ሲሚንቶ ነው፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ግንባታ አለ።

የከብት_ሐኪም_ልደታ

መርፌውን ከሐሳባችሁ አውጡት፤ ምክንያቱን ከታች እጽፈዋለሁ። ልጁን አልለመደችውም ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ግን አሟት እንደሆነ አረጋግጡ። ላም የምትራገጠው ወይ ፈርታ ወይ አሟት ነው። የፈራች ላም ሰውየው ገና ሲጠጋ፣ ሳይነካት፣ ሰውነቷን ታሸሻለች፤ የዓይኗ ነጭ ይታያል፤ ቶሎ ቶሎ እበት ትጥላለች። ያመማት ደግሞ ሰው ሲቀርባት ዝም ብላ ቆማ አንድ የተወሰነ ጡት ሲያዝ ብቻ ትራገጣለች። ቦራ ሁልጊዜ ቀኝ እግሯን የምታነሳ ከሆነ በቀኝ በኩል ያሉትን ሁለት ጡቶች አንድ በአንድ ፈትሹ።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ጭማቂዎች ጥቁር ጨርቅ ላይ ወይም ጥቁር ሳህን ውስጥ አልቡ። ፍርፋሪ፣ ውሃ መሳይ ነገር ወይም ደም ካያችሁ የጡት በሽታ ምልክት ነው። ጥርት ያለ ከሆነም አልጨረሳችሁም፤ ስውሩ የጡት በሽታ በዓይን አይታይም። ሲኤምቲ የሚባለውን መመርመሪያ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ግዙ፦ አራት ጎድጓዳ ባለው ሳህን ላይ ከየጡቱ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት፣ በዚያው መጠን ፈሳሹን ጨምራችሁ ለ10 ሰከንድ ያህል እያዞራችሁ ታያላችሁ። እንደ አጥሚት የወፈረው ጡት ታሟል ማለት ነው። ያ ጡት በመጨረሻ ይታለብ፤ ወተቱም ከሌላው አይቀላቀል፤ ሐኪም ጥሩ።

ቀጥሎ የልጁን እጅ እዩ። ብዙ አላቢ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አጥፎ ጡቱን በአጥንቱ እየጨመቀ ያልባል። ይሄ ይፈጥናል፣ ላሟን ግን ያማታል፤ ውሎ አድሮም የጡቱን ውስጥ ያቆስላል። ሌላው በሁለት ጣት ይዞ ወደ ታች መጎተት ነው። ትክክለኛው አያያዝ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት የጡቱን ሥር ከላይ ዘግተው ወተቱ ወደ ላይ እንዳይመለስ ያደርጋሉ፤ ከዚያ መሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት በተራ ይጨመቃሉ፤ እጁ ራሱ ከቦታው አይንቀሳቀስም። እጁ ወደ ታች ከተንሸራተተ እየጎተተ ነው። ጥፍሩም ይቆረጥ። የቆየው አላቢ በደንብ የሚያልብ ከሆነና ልጁ አውራ ጣቱን የሚያጥፍ ከሆነ ላሟ የለየችው ሰውየውን ሳይሆን ሕመሙን ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሌሎች ላሞች ዝም ማለታቸው ማስረጃ አይሆናችሁም፤ ችለውት ይሆናል።

አሁን ወደ ወተት አወራረዱ። ላም ለመታለብ ስትቆም ከጡቶቹ በላይ ባለው ክፍት ቦታ ተጠራቅሞ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቀው ወተት አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ግቱ ውስጥ በተበተኑ ጥቃቅን ከረጢቶች ተይዟል፤ እነሱ የሚጨመቁት ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን በደም ሲደርሳቸው ነው። ኦክሲቶሲን የሚለቀቀው ከአንጎሏ ሥር ነው፤ የሚቀሰቅሰውም ጡቷ ሲታሽ፣ የማለቢያው ኮሽታ ሲሰማት፣ የለመደችውን ሰው ስታይ ነው። ከነኳት በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ጉልበቱ የሚቆየው ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ባለው ጊዜ አልቦ መጨረስ ያስፈልጋል። «ጥቂት ትለቅለትና ቀጥ ታደርጋለች» ያላችሁት ይሄው ነው። የተዘጋጀውን ሰጠች፤ የቀረው አልወረደም። ስትፈራ አንጎሏ ኦክሲቶሲኑን አይለቅም፤ ተለቆ ቢሆንም አድሬናሊን የሚባለው የድንጋጤ ሆርሞን የግቱን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ በቅጡ አይደርስም። ስለዚህ ከተደናገጠች ማለቡን ትታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሳርፏትና እንደገና ከማጠብ ጀምሩ። እየተራገጠች መቀጠል ትርፍ የለውም።

መርፌው ኦክሲቶሲን ነው። የተያዘውን ወተት በእርግጥ ያወርዳል፤ ግን በየቀኑ ሲደጋገም የራሷ አካል መልስ መስጠቱ እየደከመ ይሄዳል፤ መርፌ ካልተወጋች የማትታለብ ላም ትሆንባችኋለች። በዚያ ላይ የማለቢያ ሰዓት የመወጋት ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ የፈራችውን ላም ይበልጥ ታስፈሯታላችሁ። ሐኪም ለተለየ ሕክምና ሲያዝዘው ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልበል። ግቱ ውስጥ ወተት ሲቀር ሰውነቷ «ይሄን ያህል አያስፈልግም» ብሎ ምርቱን ይቀንሳል፤ የቀረው ወተትም ለጡት በሽታ ጀርም ምቹ ነው። እስክትለምደው ድረስ ልጁ ከጨረሰ በኋላ የቆየው አላቢ ሁልጊዜ የቀረውን አልቦ ያጣራት።

ወተት_ጨርቆስ

ሐኪሙ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ሽግግሩ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚስተው ቅደም ተከተሉን ስለሆነ። አዲሱን ሰው በመጀመሪያው ቀን ግቷ ሥር ያስቀምጡታል። ላም ግን ሰውን የምታውቀው በመኖው፣ በድምፁ፣ በጠረኑና በእጁ ነው፤ ግቷ ላይ መድረስ ያለበት ከዚያ በኋላ ነው።

በመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት ልጁ ቦራን ጨርሶ አይለባት። ፉርሽካዋን እሱ ያቅርብ፣ ውሃዋን እሱ ያጠጣት፣ ጋጣዋን እሱ ይጥረግ፣ እሱው ይቦርሻት። አቀራረቡ ከጎን ወደ ትከሻዋ ይሁን። ላም ዙሪያዋን በሙሉ ለማለት ይቻላል ታያለች፤ የማታየው ልክ ከኋላዋ ያለውንና ከአፍንጫዋ ፊት ያለችውን ትንሽ ቦታ ነው። በኋላ የመጣ ሰው ድንገት የተከሰተባት ነው የሚሆነው። ሲገባ በለሆሳስ ይጥራት፣ ስሟን ይበል፣ እጁን መጀመሪያ ትከሻዋ ላይ ያሳርፍ እንጂ ጀርባዋን ቸብ ቸብ አያድርጋት። ማከክ ከፈለገ ማጅራቷንና ከአንገቷ በታች ያለውን ልል ቆዳ ይከክላት፤ ላሞች እርስ በርስ የሚላላሱት እዚያ ነው። ደስ ሲላት አንገቷን ትዘረጋለች፣ ጆሮዋን ወደ ታች ትጥላለች፣ ዓይኗን ከደን ታደርጋለች። ግንባሯን አይሻሽ፣ በተለይ ልጆች፤ ግንባሯን የሚገፋትን መግፋት ትማራለች።

ቀጥሎ የቆየው አላቢ ሲያልባት ልጁ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ግቷን ይጠብ፣ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅም ያድርቅ። ለብ ያለ ውሃ ነው፤ በአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ ቀዝቃዛ ውሃ ግቷ ላይ መርጨት ወተቱን ቀጥ ያደርገዋል። ከዚያ ሁለቱ ፊት ለፊት ሆነው ይካፈሏት፣ ሁለት ጡት ለአንዱ፣ ሁለት ለሌላው። ቀስ በቀስ ልጁ ይጀምርና የቆየው ያጣራ፤ በመጨረሻ የቆየው በር ላይ ቆሞ ድምፁን ብቻ ያሰማ። አንዱ ደረጃ ላይ እምቢ ካለች አንድ እርምጃ ተመለሱ፤ አትዝለሉ።

ልጁ የቆየውን አላቢ የሥራ ካፖርት ይልበስ፣ ሳይታጠብ። የሚያውቁትን ሽታ በአዲሱ ሰው ላይ ማግኘታቸው ይረዳል። ሽቶና ጠንካራ ሽታ ያለው ሳሙና ይቅር። የሚታለብበት ጎን አይቀየር፤ የቆየው በቀኟ ከሆነ የሚቀመጠው ልጁም በቀኟ። በርጩማው ያው፣ ማለቢያው ያው። ሰዓቱም ከሌሊቱ 11 እና ከቀኑ 10 ከሆነ እሱው ይሁን፤ በግማሽ ሰዓት መንሸራተት እንኳ ያሳስባታል። የላሞቹም ተራ አይለወጥ፣ ከቦራ በፊት የምትታለበው ያችው ትሁን።

ስለ እርግጫው፦ ልጁ ራሱን ከሽንጧ ጋር አስጠግቶ ይቀመጥ። እግሯን ልታነሳ ስትል ጡንቻዋ ሲወጠር በግንባሩ ወይም በክንዱ ይሰማዋል፣ እጁንም ማለቢያውንም ለማሸሽ ጊዜ ያገኛል። ርቆ እጁን ዘርግቶ የሚያልብ ነው የሚመታው። ከባሰባት ሌላ ሰው ጭራዋን ከሥሩ ይዞ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያንሳው፤ ሳይሰብር፣ ሳይጠመዝዝ። እግር ማሰር የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ በሲሚንቶ ላይ የታሰረች ላም ብትንሸራተት ዳሌዋ ይወጣል። ዱላ ደግሞ ፈጽሞ። አንዴ የመታትን ሰው ለይታ ታስታውሰዋለች፤ እሱ ጋጣው ውስጥ ቆሞ ብቻ ቢታይ የምትሰጠው ወተት ሊቀንስ ይችላል።

ግንፍሌ_ግቢ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ጥፍሩንና አያያዙን አየን፤ አውራ ጣቱን ያጥፋል፣ እንዲያርም ነግረነዋል። ሲኤምቲውን ነገ እንገዛለን። ስለ ጥጃዋስ? በባልዲ ነው የምናጠጣት፣ ከእናቷ ተለይታ ነው ያደገችው። የግንባታው ጩኸትም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ነው።

አዳቃይ_ካዛንቺስ

ጥጃን አቅርቦ ማለብ ለአገር ላም ነው። የአገራችን ላም ጥጃዋን ካላጠባች ወይም አጠገቧ ካልቆመ ብዙውን ጊዜ አትለቅም። የፈረንጅ ደም እየጨመረ ሲሄድ ያለ ጥጃ መታለቡ ይቀላል። ቦራ ያለ ጥጃ 14 ሊትር ለሰው ስትሰጥ ከኖረች ጥጃዋን በሦስተኛው ወር ማምጣት አዲስ ችግር መግዛት ነው። ከጥጃዋ ጋር ትላመዳለች፤ ጥጃዋ ሲወሰድ ትጮኻለች፤ ጥጃዋ የሌለች ቀን ወተቷን ትይዛለች። የጥገኝነቱን ገመድ ከአላቢው ፈትታችሁ ጥጃዋ ላይ ማሰር ነው የሚሆነው። በባልዲው ቀጥሉ። ለወደፊቱ ግን ጊደር ከመውለዷ ሁለት ወር በፊት ጀምሮ ከአንድ በላይ ሰው ግቷንና ታፋዋን እንዲነካካት አድርጉ። በመጀመሪያው ወሊድ ሰሞን ግቷ አብጦ በሚያማት ጊዜ የሰውን እጅ ማወቅ ከባድ ነው፤ ቀድማ ካወቀችው ግን ቀላል ነው።

ጩኸቱ የማይቋረጥ ከሆነ ትለምደዋለች። የሚያስደነግጣት ድንገተኛው ነው፤ ቆርቆሮ ሲወረወር፣ ጄነሬተር አጠገቧ ሲነሳ፣ የብረት በር ሲላተም። የበራችሁን መቀርቀሪያ በጎማ ሸፍኑት፣ ባልዲ ሲሚንቶ ላይ አትጎትቱ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ማለባችሁ ከግንባታው ይቀድማል። የማታውን ሠራተኞቹ ሊወጡ ሲሉ ዕቃ ከሚጥሉበት ሰዓት ውጪ አድርጉት።

ለእናንተ ሰፈር ደግሞ የጥምቀት ነገር አለ። ጃን ሜዳ ቅርባችሁ ነው። ጥር 10 የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ የሚወርዱት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከማታው የማለቢያ ሰዓት ጋር ይገጥማል። ሕዝቡና ድምፅ ማጉያው በአጥራችሁ ሥር ከማለፉ በፊት ቀድማችሁ አልቧት። ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ ሰዓቱን በቀን ሩብ ሩብ ሰዓት እያሸጋሸጋችሁ ብትደርሱበት ደግሞ ላሟም አትረበሽም።

መኖ_ቂርቆስ

የ14 እና የ8 ልዩነት ሁሉ የአላቢው ብቻ ላይሆን ይችላል። አዲሱ ልጅ ሥራውን ሲረከብ መኖውንና ውሃውንም ተረክቧል ወይ? ከሆነ እሱን መለየት አለባችሁ።

ውሃውን አስቀድሙ። ይህን ያህል ወተት የምትሰጥ ላም በቀን ከ70 ሊትር በላይ ትጠጣለች፤ ከታለበች በኋላ ወዲያው ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ትፈልጋለች። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለ 200 ሊትር በርሜል ለሦስት ላም የአንድ ቀን እንኳ አይሆንም። ውሃ በጠፋ ማግስት ወተት ከቀነሰ ልጁን አትውቀሱት።

የተመጣጠነ መኖ በግምት ለሁለት ወይም ለሁለት ተኩል ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ነው። ለ14 ሊትር ወደ 6 ኪሎ ይደርሳል፣ ለሁለት ተከፍሎ። ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ በመቶ ኪሎ አንድ ኪሎ ጨው፤ በትንሽ ውሃ እርጥብ ተደርጎ ማለብ ሲጀመር ይቀርብላት። ቀድሞ ከተሰጣት ጨርሳ ገንዳውን እየላሰች መቁነጥነጥ ትጀምራለች፤ ዘግይቶ ከመጣ ደግሞ እሱን እየጠበቀች ወተቱን ትይዛለች። ማጠብ ሲጀመር ነው ትክክለኛው ጊዜ። ድርቆሹ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ይኑር። ፋጉሎው ሻጋታ ካለው አትንኩት፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ወደ ወተቱ ይገባል፣ በማፍላት አይጠፋም።

በጾም ወቅት ወተት ሲረክስ ፉርሽካ የሚቀንሱ ብዙ ናቸው። ለቦራ ይሄን ሽግግሩ ሳያልቅ አታድርጉባት።

የከብት_ሐኪም_ልደታ

ወለሉ ሲሚንቶ ነው ስላላችሁ አንድ ነገር። ላም በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ትተኛለች። ጉዝጓዝ የሌለው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከመተኛት መቆምን ትመርጣለች፤ እግሯ ያማታል፤ ስትታለብ እግር መቀያየሯም እርግጫ ይመስላል። ደረቅ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ወደ አንድ ስንዝር ውፍረት ይነጠፍላት፣ የረጠበው በየቀኑ ይነሳ። የአንገት ገመዷ ስትተኛ ጭንቅላቷን ወደ ጎን እንድታሳርፍ የሚያስችል ርዝመት ይኑረው። ጥፍሯ በዓመት ሁለቴ ይስተካከል፤ ግቢ ውስጥ ታስራ የምትውል ላም ጥፍሯ በእርምጃ ተፍቆ አያጥርም።

ሌላው የሰውና የላም መቀራረብ አብሮት የሚመጣው ነገር ነው። የሳንባ ነቀርሳ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በተዳቀሉ የወተት ላሞች መንጋ በብዛት ይገኛል፤ ከላም ወደ ሰው፣ ከሰውም ወደ ላም ይሄዳል። ቦራን የሚቦርሻት ልጅ ሳል ካለው ይመርመር። ላሞቹን ቆዳ ውስጥ በሚወጋው ምርመራ አስመርምሩ፤ ውጤቱ ከ72 ሰዓት በኋላ ይነበባል። ልጆች በትንፋሿ ፊት ፊቷ ላይ ተለጥፈው አይጫወቱ፤ ጥሬ ወተት ማንም አይጠጣ፣ ተፍልቶ ይጠጣ። ስትወልድም የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አትንኩ።

ወተት_ጨርቆስ

እኔ ከሁሉም በላይ የማምንበት ይሄ ነው፦ አንዲት ላም በአንድ ሰው እጅ ብቻ አትንጠልጠል። ያ ሰው ሲታመም፣ ለቅሶ ሲሄድ፣ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ላሟም አብራው ትታመማለች። ከልጁ ሌላ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይለባት፣ በዚያው አያያዝ፣ በዚያው ሰዓት። ሁለት ሰው የለመደች ላም ሦስተኛውን ቶሎ ትቀበላለች።

ግንፍሌ_ግቢ

ተቀብለናል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የቆየው አላቢ ጨርሶ መቅረት የሚችልበት ጊዜ መድረሱን በምን እናውቃለን?

አዳቃይ_ካዛንቺስ

ልጁ ከጨረሰ በኋላ የቆየው አላቢ ሲያጣራ የሚያገኘውን ለይታችሁ ለኩ፤ በየቀኑ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ጠዋቱ ለብቻ፣ ማታው ለብቻ። ለተከታታይ ሳምንት ከግማሽ ሊትር በታች ከሆነ ልጁ አወረደው ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ዓይናችሁ የሚያየው አለ፦ ልጁ አጥቦ ሲጨርስ ጡቶቿ ሞልተው ወጥረው ታያላችሁ፣ አንዳንዴም ሳይነኩ ይንጠባጠባሉ፤ ስትታለብ ማመንዠኳን አታቋርጥም፤ ሲታለብ ከመጀመሪያው ጀምሮ አረፋው ማለቢያው ላይ ይቆማል። ሲያልባት ማመንዠክ ካቆመችና ራሷን ወደ እሱ አዙራ ካየችው ገና ናት።

የሚሄድበትን ሳምንት ከክትባት፣ ከጥፍር ማስተካከያ ወይም ከአዲስ ላም መግባት ጋር አታገጣጥሙት። ከእነዚህ የግድ የሚደረግ ካለ እሱ እያለ ይደረግ፤ ገመዷን የሚይዘው እሱ ይሁን፣ ልጁ ደግሞ ከዚያ ከሕመሙ ሰዓት ይራቅ።